ዲስኩ ተነቅሎ የተነሳው ኮምፒውተር እና ጋሼ መኮንን

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። «ማን ነው ያልሽኝ?» አልኳት። የጋሼ መኮንን እህት ናት፤ እያለቀሰች ያንኑ ደገመችልኝ። ጋሼ ኖፓ ከተማ እሷ ቤት እንደተኙ ዛሬ ጠዋት አልተነሱም።

ትናንት እኮ እዚህ መቱ ከተማ ነበሩ! «ቅዳሜ እመለሳለሁ» ብለውኝ ነው የሄዱት።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበሩ። እኔ ፎቶ ኮፒ፣ እሳቸው ጥገና፣ አንድ ክፍል ተካፍለን ስንት ዓመት ሠራን። ሰው የጣለው አሮጌ ማሽን ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ራሳቸው ከምንጭ ኮዱ ገንብተው ያስነሱት ነበር። ስንቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» ይሉናል፣ ቀስ በሉ ለማለት። «ማሽን አይዋሽም፤ አጠያየቁን ማወቅ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ እትዬ ጫልቱ የሚባሉ ሴት የሟች ባላቸውን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልለው ከሁሩሙ ከተማ በሚኒባስ አመጡ። ባላቸው መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት የኦሮምኛ ተረትና ምሳሌ እዚያ ውስጥ ነው።

«ብቻውን ይበራል» አሉ እትዬ ጫልቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሕይወት ሳለ እሱ የሚያበራው ይመስለኝ ነበር። ካረፈም በኋላ ይበራል። ጸበል ረጨንበት፣ አልተወም። ዘመዶቹ ወንዝ ውስጥ ጣይው ይሉኛል።»

«ጸበሉ ውስጡ አልገባም አይደል?» አሉ ጋሼ። እትዬ ጫልቱ አልሳቁም።

ጋሼ ጽሑፉን ወደ ፍላሽ ገለበጡ፤ የድሮውን ሲስተም አጥፍተው አዲስ መገንባት ጀመሩ። ሁለቴ ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ አሮጌ ስለሆነ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ለእሱ እንዲስማማ አድርገው እንደገና ገነቡት። ሐሙስ ተነሳ። አጥፍተነው ወደየቤታችን ሄድን።

አርብ ጠዋት በሩን ከፍቼ ፎቶ ኮፒው ላይ ወረቀት ስሞላ ከኋላዬ ፋን ዞረ። ዞር ስል ስክሪኑ በርቷል። ማንም አልነካውም። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከአስር ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ራሳቸውን ጠረጠሩ። «እኔ ስገነባው ያበላሸሁት ነገር አለ» ብለው የሲስተሙን መዝገብ መስመር በመስመር አነበቡ። ምንም የለም። ቅዳሜና እሁድ ዝም አለ። ሰኞ፣ አንድ ከአስር ላይ፣ ተነሳ።

ያኔ ዲስኩን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት። «አሁን ውስጡ ምንም የለም» አሉ።

ማክሰኞ ሁለታችንም ፊቱ ቆመን ጠበቅን። አንድ ከአስር ሲሆን ፋኑ ዞረ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አንድ ሰው መጥቶ እስኪጽፍ የምትጠብቅ ይመስል።

እኔ ሮጬ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። ጋሼ ንቅንቅ አላሉም።

ቆይተው በእጃቸው ጠሩኝ። ባዮስ የሚሉትን፣ ቦርዱ ራሱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ከፍተዋል። ዲስክ ቢነቀል እሱ አይነካም። በራሱ የሚነሳበት ሰዓት ተሞልቶበታል፤ በእኛ አቆጣጠር አንድ ከአስር፣ ከሰኞ እስከ አርብ። መምህሩ የሚያስተምሩባቸው ቀናት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አሉኝ። 

እትዬ ጫልቱ ሲመጡ አሳዩዋቸው።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ተነስቶ እንዲጠብቃቸው።»

እትዬ ጫልቱ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ሰዓቱን አዩት። ጋሼ «ላጥፋው?» ቢሏቸው እንቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተዉት። ማን እንደሚቀሰቅሰው አሁን አውቄያለሁ።»

ኮምፒውተሩን በዚያው ጋቢ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ጋሼ፣ አባቴ የታመመ ጊዜ የእኔንም የእርስዎንም ሥራ ደርበው ሲሠሩ ከረሙ። ላመሰግንዎት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወሬ ይቀይሩብኛል። ዛሬ ወሬ የሚቀይርብኝ የለም። አመሰግናለሁ፣ ጋሼዬ። በሰላም ይሂዱ፤ አፈሩ ይቅለልዎ።