አባቷ ቢሮ የመጡ ዕለት

ገርጂ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ በሚሠራ ትንሽ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ሳለሁ፣ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት አርክቴክት ነበረች። የልጅነት ቤቷ ለመንገድ ፈርሶ ቤተሰቧ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። በትርፍ ሰዓቷ ያንን ቤት ስክሪን ላይ መልሳ ትሠራ ነበር፤ የግቢውን በር፣ የኮኩን ዛፍ፣ አባቷ በእጃቸው የገነቡትን የድንጋይ አጥር ሳይቀር።

ሥራው ስለሚከብድ የሚከፈተው ሁላችንም በጋራ በምንጠቀምበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ በቢሮው ሰርቨር ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ሊኑክስ በተባለ ሲስተም የሚሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ለየሠራተኛው እንደ ራሱ ኮምፒውተር የሚያገለግል አንዳንድ ቨርቹዋል ማሽን ከፍቼ ነበር። ያለንን ምስል የሚያወጣ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ ለእሷ ማሽን ሰጠሁት።

ያስቸገረን ካርዱ ነው። ማሽኗን አጥፍታ ስታስነሳ፣ ወዲያው ወይም ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ሎግ ስከፍት፣ ካርዱ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ሊነካ ሲል ሲስተሙ እንደከለከለው የሚናገር መስመር ተደርድሮ አገኛለሁ። ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩን ቀየርኩ፤ ካርዱን ነቅዬ ሌላ ቦታ ሰካሁት፤ የሰርቨሩን ማስነሻ ሶፍትዌር፣ ባዮሱን አደስኩ። ደህና ይሆንና ያገረሽበታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷን ይዛቸው መጣች። ደረጃው አድክሟቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ስኳር እየጎዳው ስለነበር ወደ ስክሪኑ በጣም ተጠጉ። የግቢው በር ታየ።

"አጥሩንስ ሠርተሽዋል?" አሏት።

ወደ አጥሩ ስትዞር ምስሉ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ጠቆረ።

"አንዴ ይታገሡኝ አባባ" አልኩና አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። አሁንም ጨለማ። እንደገና ሞከርኩ። እሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን ታያለች።

"ተወው ልጄ፣ መብራቱ ይሆናል" አሉኝ። የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ብለው ተነሱ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ማሽኗ ሲጠፋ ካርዱ አብሮ አይጠፋም፤ ማሽኗ ተነስቶ አዲስ የሜሞሪ ቦታ ሲሰጠውም የቀድሞውን አድራሻ መፈለጉን አይተውም ነበር። ማሽኗ ከመነሳቱ በፊት ካርዱን ከዜሮ የሚያስጀምር ትእዛዝ ጻፍኩ። ስህተቱ ቀረ።

በደስታ ስነግራት ቀና አላለችም።

"አባዬ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው" አለች። "ካርዱን ለሌላ ሰው ስጠው።"

ያን ቀን ከሥራ አብረን ወጣን፤ እስከ ጉርድ ሾላ ሸኘኋት።