አባቴን የቀደምንበት የጀልባ ውድድር

የእኛ የካታማራን ውድድር ለዓመታት ከተወዳዳሪው የሚበልጥ ተመልካች ኖሮት አያውቅም። ካታማራን ማለት ሁለት ቀጫጭን ታንኳ ጎን ለጎን ተጣምረው፣ መሀላቸው መረብ የተወጠረበት ፈጣን የሸራ ጀልባ ነው። እኔና ባለቤቴ አንዷን ይዘን፣ በረዶው ከለቀቀ በኋላ፣ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ያለውን ሰፊ ሐይቅ ከሌሎቹ ጋር ቀኑን ሙሉ እንዞረዋለን። ዳር ላይ የሚጠብቁን የተወዳዳሪዎቹ ባሎችና ሚስቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ነው።

ዘንድሮ ተወዳዳሪው እየሳሳ ሲሄድ ክለቡ ተሰብስቦ፣ ሸራ ያለው ጀልባ ሁሉ ይግባ፣ ሕዝብም ይጠራ ብሎ ወሰነ። ዘገምተኞቹ ቀድመው ይነሳሉ፣ እኛ ፈጣኖቹ መጨረሻ ላይ እንከተላለን፣ መጀመሪያ የገባ አሸነፈ። እንዲህ ከሆነ ዳር የቆመው ሰው ማን እየመራ እንደሆነ በዓይኑ ያያል። ባለቤቴ ደስታውን አልቻለውም፤ እሁድ ቸርች በማስታወቂያ ሰዓት ብድግ ብሎ ጉባኤውን በሙሉ ጋበዘ። እኔ ወንበር ስር ብገባ በወደድኩ።

ከሁሉም በላይ የፈነደቁት ግን አባቴ ናቸው። ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈራቸው ውስጥ ባለው ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸሩባት፣ ከመታጠቢያ ገንዳ ብዙም የማትበልጥ የሸራ ጀልባ አለቻቸው። ባለ አንድ ታንኳ ስለሆነች እስከ ዛሬ ውድድሩ ውስጥ አትገባም ነበር። ለነገሩ እሳቸውም የእኛን አያከብሩም። ሁለተኛዋን ታንኳ እያዩ «እናንተማ በምርኩዝ ነው የምትሄዱት» ይሉናል።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባስ ነድተው ጡረታ ከወጡና ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ካደረጉ ወዲህ ማንም ምንም አያስነካቸውም። በር ላይ «ይለፉ ጋሼ» ነው። ከረጢት ሊያነሱ ሲሉ «ኧረ ይተዉት ጋሼ» ነው። የልጅ ልጆቻቸው እንኳን ካርታ ሲጫወቱ አውቀው ይሸነፉላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ያውቁባቸዋል። ውድድሩ ነገ ሊሆን ማታ ደወሉልኝ።

«ስሚ፣ ነገ እንዳታዝኑልኝ። ከቻላችሁ ቅደሙኝ። አቅም ቀርቶልኝ እንደሆነ በዚህ ልወቀው።»

«እሺ አባዬ።»

«ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላቸው።

በነጋታው ጉባኤው በቫን በቫን መጣ። ታጣፊ ወንበር፣ በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ፣ ማይክሮፎን ሳይቀር። ፓስተሩ ለነፋሱ ጸለዩ። የክለቡ ፈረንጆች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ምን እንደሚደረግ ግራ ገብቷቸዋል።

አባቴ ከቀዳሚዎቹ ጋር ተነሱ። እኛ ቆየት ብለን ተከተልን። ነፋሱ ለእኛ አደላ፤ አንዱን ስናልፍ፣ ሌላውን ስናልፍ፣ ወደ መጨረሻዋ ማዞሪያ ስንደርስ ከፊታችን የቀሩት አባቴ ብቻ ሆኑ። ማዞሪያዋ ውሃው ላይ የተንሳፈፈች ትልቅ ብርቱካናማ ኳስ ናት፤ ከዳር ደግሞ ሁሉም ሰው ቁልጭ አድርጎ ያያታል። እዚያ ስንደርስ ባለቤቴ የሸራውን ገመድ ለቀቅ አደረገው፤ ጀልባችን ቀዘቀዘች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አባትሽ እኮ ናቸው።»

«መሆናቸውንማ አውቃለሁ።»

«ቸርች በሙሉ እያየን ነው፤ አማቱን ቀደመ ልባል?»

እንዲህ ካለኝ በኋላ፣ ምግብ ቤት በር ላይ የቆመ ይመስል፣ እጁን ዘርግቶ በውሃው ላይ «ይለፉ ጋሼ» አለ።

አባቴ ዞር ብለው አዩን። ፊታቸው ጥቁር አለ። እኔም ደሜ ፈላ፤ የባለቤቴን ይሉኝታ በጣም እወደዋለሁ፣ ሐይቅ መሀል ግን አልወደውም። ገመዱን ከእጁ ነጥቄ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ሸራው ተነፋ፣ አንደኛው ታንኳ ከውሃው ተነሳ፣ በአባቴ አፍንጫ ስር አለፍን። እሳቸውም ወዲያው ጎንበስ ብለው ገመዳቸውን እየጎተቱ አሳደዱን። ዳር ላይ ሲዘመር የነበረው መዝሙር ቆመ።

አንደኛ ገባን። እንኳን ደስ አላችሁ ያለን የክለቡ ሰብሳቢ ብቻ ነው። አንዲት እህት ሳምቡሳ ሰጠችኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም። ባለቤቴ የማይፈታ ቋጠሮ ለመፍታት እየሞከረ አቀርቅሮ ቀረ። እኔም ምን አጠፋሁ ብዬ ደረቅ አልኩ።

ወዲያው አባቴ ደረሱ። ፓስተሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና የጀልባዋን ገመድ ተቀበሏቸው።

«አይዞዎት ጋሼ» አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለልጅ ብለው ነው እንጂ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያሳለፏቸው?»

አባቴ ገመዳቸውን ከፓስተሩ እጅ መልሰው ወሰዱ።

«የለም ፓስተር» አሉ። «አላሳለፍኳቸውም። እየታገልኩ ቀደሙኝ።»

ጀልባዋንም ራሳቸው ጎትተው አወጧት።