እሺ ባይዋ እህቴ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «እሺ» እያለ ነው የሚጠራት። እምቢ ስትል የሰማ የለም። ልጅ ያዢልን ሲሏት እሺ፣ ወንበር አውሺን ሲሏት እሺ። እኔ በዚህ ነገሯ ስበግን ነው የኖርኩት፤ ለእሷም ጭምር እምቢ የምለው እኔ ነበርኩ።

ቻይናዎቹ ከሰፈራችን ጀርባ የጫማ ፋብሪካ ሲከፍቱ ቀድመው ከገቡት አንዷ ናት። ሥራዋ ሶል ማጣበቅ ነበር። ማስቲሹን በብሩሽ ትቀባለች፣ ዳር ዳሩን በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ከጊዜ ብዛት አሻራዋ ስለጠፋ የመግቢያው ማሽን አላውቅሽም ይላት ጀመር። «ማሽኑም ረሳኝ» ብላ ትስቃለች። ሥራውን ትወደው ነበር፤ ከእናታችን ቤት ወጥታ የራሷን ክፍል የተከራየችው በእሱ ነው።

አንድ ቀን የተሸጠ ጫማ ሶሉ እየተገነጠለ ተመለሰ። አስተርጓሚው ምሳ ወጥቷል። ከአማርኛ «ቶሎ ቶሎ» ብቻ ስለሚያውቅ «አቶ ቶሎ» የሚሉት ቻይናዊ አለቃ ጫማውን ፊቷ ላይ ደቅኖ በቋንቋው ጮኸባት። ምንም ያልገባት እህቴ፣ ይብረድለት ብላ «እሺ፣ እሺ» አለችው። ሰምቻለሁ፣ ተረጋጋ ማለቷ ነው። በእነሱ ቋንቋ ግን «ሺ» ማለት «አዎ፣ ነው» ማለት ኖሯል። ጥያቄው ደግሞ «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ?» ነበር። በማግስቱ ባጇን ተቀበሏት።

እናታችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች። እኔ ፋብሪካው በር ድረስ ሄጄ ተሳደብኩ፤ ዘበኛው ሳቀብኝ። እሷ አላለቀሰችም። ክፍሏን ለቃ እናታችን ቤት ፍራሽ ዘረጋች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። አንዳንዴ ማስቲሽ ሸተተኝ ትላለች፤ እኛን አይሸተንም።

ከወራት በኋላ አቶ ቶሎ አስተርጓሚውን አስከትሎ ቤታችን መጣ። ለካ ጥፋቱ የማስቲሹ ነበር፤ ጊዜው ያለፈበት ነው።

«ተመለሺ ይልሻል፤ ቦታሽ አልተያዘም» አላት አስተርጓሚው።

አቶ ቶሎ ራሱ አጥንቶ በመጣው የተሰባበረ አማርኛ «እህት፣ ይቅርታ። ነገ ነይ» አላት።

ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «እሺ» አለች።

እናታችን ምርቃቱን አወረደችው። አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ ወጣ። አቶ ቶሎ ግን በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አያትና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ጠዋት የፋብሪካው ደወል ሲጮህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እታለም፣ እሺ ብለሽው አልነበር?» አልኳት።

«እሺ አልኩት እንጂ እመጣለሁ መች አልኩት?»

ዕድሜ ልኬን እምቢ በይ እያልኩ የጨቀጨቅኳት እኔ ነኝ። ዛሬ እምቢ አለች፤ ምንም ደስ አላለኝም።