ለነገ ያቆየሁት መልስ

የዚያን ቀን የሠራሁት ጅልነት፣ ሳልልክ መምጣቴ ነው። የአገራችን ሰው ከሩቅ ሲመለስ አስቀድሞ መልእክት ይሰዳል፤ ቤተሰቡም ይዘጋጃል። እኔ ግን ባሕር ማዶ ፊዚክስ ስማር ከርሜ፣ እናቴን በደስታ ላስደነግጣት ብዬ ከኮረም በኪራይ በቅሎ መጥቼ ሰቆጣ ገበያ መሐል ዱብ አልሁ። እውነትም ዱብ፤ ስወርድ የካፖርቴ ጫፍ ከእርካቡ ተያይዞ በአፍጢሜ ተደፋሁ። በዚያ ፀሐይ ካፖርት ምን ያደርግልሃል አትበሉኝ። ፈረንጅ አገር ምን ለብሼ እንደ ከረምሁ እናቴ እንድታይ ነው።

ማንም አልሳቀም። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። ግን ዓመቱ የድርቅ ነው፤ ከእኛው ቆላ ከዝቋላ የመጡት ፍየሎች ቆዳና አጥንት ሆነው ቆመዋል፣ ጠያቂ የላቸውም። ከአበርገሌ የወጡ ሰዎች አጥር ጥግ ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን እንኳ አይዘረጉም። እዚህ ማን ይስቃል ብዬ አለፍሁት።

ያነሡኝ አንድ ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። የእናቴን ማር የሚገዟት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህም እንደ እህት የሚያይዋት እሳቸው ናቸው። አቅፈውኝ ብዙ ቆዩ።

"እናቴ ደህና ናት?"

"ግባ ልጄ፣ አቧራህን አራግፍ።"

"አልገባም፣ ሳይመሽ ልድረስላት።" መንደራችን ከከተማው ማዶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደረስበት ነበር።

"በቅሎዋ አንክሳለች።"

አጎንብሼ አራቱንም እግሯን መረመርሁ። "ኧረ ምንም አልሆነች!"

"አንተ የተማርኸው ፊዚክስ ነው ወይስ በቅሎ?" አሉና ኮርቻውን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

አደርሁ። እራት ከክርስቲያን ጎረቤት አስመጡልኝ። ሚስታቸው እጄን ሲያስታጥቡኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ካፖርቴን አፍረውት መሰለኝ።

ከበላሁ በኋላ አፌን ማን ይያዘው! "የተማርሁት ብርድ መሥራት ነው" አልኋቸው።

"ብርድ ደግሞ ይሠራል?"

"አየርን አቀዝቅዘን፣ አቀዝቅዘን፣ እንደ ውሃ በብርጭቆ እንቀዳዋለን።"

"አስተግፊሩላህ!"

እዚያ ባሕር ማዶ ቤት ፍለጋ ስዞር አከራይዋ ገና በሩን ከፍታ ሳታየኝ ክፍሉ እንዳለ፣ ካየችኝ በኋላ ግን እንደ ተያዘ መናገሯን አወራኋቸው። ምድር ቤት በነበረው ላቦራቶሪ፣ ከማያባራው የፓምፕ ጩኸት ጋር ብቻዬን ስውል፣ የሰው ድምፅ እንዳይረሳኝ የመሣሪያውን ንባብ ጮክ ብዬ በእናቴ ቋንቋ በኽምጣንጋ እቆጥር ነበር፤ ፕሮፌሰሬ ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ክረምት ታምሜ ተኝቼ፣ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ልመለስ ብዬ ደብዳቤ ብልክላት እናቴ "ሳትጨርስ እንዳትመጣ፣ አፈር ስሆን" አለች። ቆየሁ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ የሥራዬን ዋና ዕቃ፣ ያ አየር የሚቀዳበትን የመስተዋት ማሰሮ፣ በክርኔ መትቼ ሰበርሁትና አንድ ዓመት ተጨመረብኝ። ይህን ስናገር ክርኔን እያሳየሁ እስቃለሁ።

"እናቴ ቀፎ ስትቆጥር እንዲህ ነበር እኮ" ብዬ በድምፅዋ፣ በአፍንጫዋ ጭምር፣ በኽምጣንጋ ቆጠርሁላቸው። ሚስትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወጡ።

"ጭሱ ነው" አሉ ሽማግሌው።

እሳት አልነደደም ነበር። የመለካት ምሁሩ ይህንም አላየሁ!

ወደ እኔ ዞሩና "ልጄ" አሉኝ፤ "ይህን ሁሉ ብርድ ሠርታችሁ ለምን ታደርጉታላችሁ?"

"እሱ ረጅም ነው። ነገ መንገድ ሲሸኙኝ እነግርዎታለሁ።"

"ነገ" አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ።

ሲነጋ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። ቄሱ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር ግቢው ውስጥ ቆሟል። ነጋዴው ሽማግሌ በሌሊት ልከው አስጠርተውታል ለካ።

"እኔን ለመቀበል ይህ ሁሉ ሰው!" አልሁ እየሳቅሁ። "እናቴንስ ለምን አላመጣሃትም?"

መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ በዘመድ አፍ፣ ተቀምጦ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስሁ። ለዚህ ነው ሽማግሌው እያወቁ አንድ ሌሊት አፋቸውን የያዙት። የእኔ አፍ ግን እንደ ተከፈተ ነበር።

"ተቀመጥ ልጄ" አለ አጎቴ።

ባለፈው ክረምት ነው አሉኝ፤ ረኃቡን ተከትሎ የገባው ንዳድ። ተዝካሯም ወጥቷል። ባለፈው ክረምት እኔ አዲስ ማሰሮ እየጠበቅሁ ነበር።

ወደ መቃብሯ ስንሄድ ሽማግሌው ያችን በቅሎ እየሳቡ ከኋላ መጡ። አላነከሰችም። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቁኝ፤ ስወጣ ከላዬ የወደቀውን ካፖርቴን አንሥተው በትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ስለ ብርዱ አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ወርጄ አስተማሪ ሆንሁ። መንግሥት ተገለበጠ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እሳቸውም እዚያው ሰቆጣ እንዳሉ አለፉ። ተማሪዎቼ ብርዱ ለምን ይሆናል የሚለውን ያንኑ ጥያቄ ሲያመጡብኝ ሰሌዳ ሙሉ እየጻፍሁ አባርራቸዋለሁ። ያን ምሽት ረጅም ነው ያልሁት ግን መልሱን ስለማላውቀው ነበር፤ እስከ ማለዳ ድረስ አስቤ አንድ ነገር እፈጥራለሁ ብዬ ነው። የሽማግሌው መልስ እስከ ዛሬ አለብኝ።