የአያ ደሴ የእሾህ አጥር

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር። ያን ቀን ያስታወሰችኝ ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። ጭኗ ላይ በገመድ የታሰረ ለምለም ቅጠል ይዛለች። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ይጫን ቢላት፣ ለበጌ የገዛሁትን ነፋስ ያደርቅብኛል ብላ እንቢ አለች። ቅጠሉን ገና ሳየው አወቅሁት፤ ትሪሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ነው። ከየት እንደገዛችው ጠየቅኋት።

"ከአያ ቢተው ማሳ" አለችኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አያ ቢተው አንድ ቀን ያን ቅጠል ይሸጣሉ ብሎ በዚያ ሐሙስ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ እንኳን ላምነው፣ ያፌዘብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በግብርና ባለሙያነት የተመደብኩት በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በእግር በሚገባባት ቀበሌ ነው። ዓይን አፋር ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ድምፄ ከፊተኛው ወንበር አላለፈም። እንደ እኔ ላለ ሰው ገበሬ ሰብስቦ ማስተማር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ከዋዜማው ጀምሮ የምናገረውን ጽፌ ደጋግሜ አነብ ነበር። ስለዚህ ብዙም ሳልቆይ ወደ ጎንደር ዝውውር ጠየቅሁ። ማመልከቻዬ ደባርቅ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። የምመኘው ዘር የሚመረመርበት፣ ሰው የማይበዛበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነበር።

በመንደሩ ከልባቸው ያዳመጡኝ አያ ደሴ ናቸው። ማሳቸው ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ከታች ካለው ቦረቦር ይገባል፤ ገብሱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። አምና ተዳፋቱን አቋርጠው ትሪሉሰርን በረድፍ ተከሉ። የዛፉ ሥር አፈሩን ይይዛል፣ የሚረግፈው ቅጠል መሬቱን ያለማል፣ የሚቆረጠው ለከብት ይሆናል፤ በረድፎቹ መሀል ገብስ ይዘራል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ነገር ግን በአገሩ ልማድ እህል ከተነሣ በኋላ ማሳ የሁሉም ነው፤ የጎረቤት ከብት ይለቀቅበታል። የአምናዎቹ ችግኞች ከብት ሲለቀቅባቸው ግማሽ ቀን እንኳ አልቆዩም። ዘንድሮ እንደገና ሲተክሉ፣ እነዚህም ከተበሉ ማሳውን ለባሕር ዛፍ ሰጥተው ልጃቸው ዘንድ ወደ ቆላው ዛሪማ እንደሚወርዱ ነገሩኝ። ቀልድ አልነበረም።

አዝመራው እንደተሰበሰበ አያ ደሴ በመንደሩ ታይቶ የማይታወቅ ነገር አደረጉ፤ ባዶ ማሳ በእሾህ አጠሩ። እኔ ደስ አለኝ። እህል የሌለበትን ማሳ ማጠር በዚያ አገር ጎረቤትን ከደጅ እንደ መመለስ የሚቆጠር መሆኑን ገና አላወቅሁም ነበር።

ያን ሐሙስ የነቢያት ጾም ነው። ከአያ ደሴ ቤት የተሰጠኝን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ውርጭ ያኮማተራቸውን የችግኞቹን ቅጠሎች ጎንበስ ብዬ አያለሁ። አያ ቢተው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ከመንደሩ ብዙ ከብት ያላቸው እሳቸው ናቸው፤ ያንን ማሳ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ መጀመሪያ የሚግጡት የእነሱ ላሞች ናቸው። ጠመንጃቸው እንደ ወትሮው በትከሻቸው ነው፤ በእጃቸው ግን ምሳር ይዘዋል። ከብቶቹ እሾሁ ጋ ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

"ደሴ፣ ማሳህን ምጥ ይዟታል እንዴ፣ በር ዘግተህ የያዝካት?" አሉ አያ ቢተው።

"አምና ያንተ ላሞች አስወረዷት። ዘንድሮ በሰላም ትገላገል ብዬ ነው" አሉ አያ ደሴ ከአጥሩ ውስጥ።

በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ሳቁ። አያ ቢተው አልሳቁም። የመጡት ለሣር እንዳልሆነ፣ ሣር ሌላም ቦታ እንደሚገኝ፣ ነገር ግን አባቶቻቸው በአንድ አውድማ የወቁበትን መሬት በእሾህ የዘጋባቸው ሰው ነገ ቀብራቸው ላይም እንደማይቆም ተናገሩ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ምሳሩን አነሡና አጥሩን መቱት። አንዲት ጊደር በተከፈተው በኩል አንገቷን አስገብታ አንዱን ችግኝ ከነሥሩ ነቀለችው።

የአያ ደሴ ጠመንጃ ከጋቢያቸው ጋር እርከኑ ላይ ተጋድሟል። መጀመሪያ ዓይናቸው ወደዚያ ሄደ፤ ቀጥሎ እግራቸው። አያ ቢተው አይተዋቸው ምሳሩን ጣሉ፤ እጃቸው ወደ ትከሻቸው ወጣ። ሲስቁ የነበሩት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። በዚያ አገር ጥይት አንድ ሰው ብቻ ገድሎ እንደማያበቃ፣ ደም ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ የማያውቅ የለም።

"በሕግ አምላክ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ እኔም ራሴን አልሰማሁትም። አያ ደሴ ወደ ጋቢያቸው ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ የእኔ መሆኑን የተጠራጠርኩት ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

"በሕግ አምላክ! ሁለታችሁም ቁሙ!"

ቆሙ። ያ ቃል ከተጠራ በኋላ እጁን የሚያነሣ ሰው በአገሩ ፊት ምን እንደሚባል ሁለቱም ያውቃሉ። አያ ቢተው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ያስቆምሽን አንቺ ነሽ። እንግዲህ እስከ ሽማግሌ አድርሺን" አሉኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። መምሬ ጥላሁን፣ የደብሩ ቄስ፣ መሀል ሆነው ሁለቱንም እስኪበቃቸው አናገሩ። አያ ደሴ ስለሚሄደው አፈር ተናገሩ፤ አያ ቢተው ስለ ጎረቤት። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። መምሬ፣ አጥሩ ይቁም ቢባል ለቢተው ምን ይቀርለታል ብለው ሲጠይቁ ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጬ፣ ዛፉ ሲደርስ የሚቆረጠው ቅጠል ከደረቅ ገለባ ይልቅ ለላም እንደሚስማማ ተናግሬ፣ የመጀመሪያው ለአያ ቢተው ከብቶች ይሁን ስል አያ ደሴ ተስማሙ።

"ባይደርስስ?" አሉ አያ ቢተው።

መምሬ ወደ አያ ደሴ ዞረው ዋስ እንዲጠሩ አዘዟቸው። አያ ደሴ ዙሪያውን ተመለከቱ። አንዱ ጫማውን ያያል፤ ሌላው ወይራውን። ለሰው ዋስ የሚሆን ሞልቷል፤ ማንም አድጎ ላላየው ዛፍ ግን አልተገኘም። አያ ደሴ አንገታቸውን ሲደፉ የዛሪማ ቁልቁለት በዓይኔ መጣብኝ።

"እኔ እሆናለሁ" አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው "ደግሞ ሴት ዋስ?" ብሎ አጉረመረመ። መምሬ ዞርም ሳይሉ "ዋስትና በቃል ነው እንጂ በጺም አይደለም" አሉት።

የአያ ቢተው ነገር ግን ሌላ ነበር። "የመንግሥት ሠራተኛ ወፍ ነው፣ ልጄ" አሉኝ፣ ቁጣቸው በርዶ። "ነገ ዝውውር ይመጣልሻል፣ ትሄጃለሽ። ዋሴ ጠፋች ብዬ ጎንደር ለጎንደር ልዙር?"

ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ። ስለ ማመልከቻዬ በመንደሩ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ምን ላድርግልዎት አልኳቸው።

"ላሞቼ ከዚያ ዛፍ እስኪበሉ ድረስ ከዚህ አትነቃነቂ። መስቀሉን ተሳልመሽ ንገሪኝ።"

መምሬ መስቀላቸውን ዘረጉ። ያን ጸጥ ያለ ክፍል አሰብኩት፤ መስኮቱን ሳይቀር። ከዚያ ተሳለምኩ።

ሚኒባሱ ደባርቅ ሲገባ ሴትዮዋ ቅጠሏን ታቅፋ ወረደች። ወንበሩ ላይ የቀረውን ቅንጣት ቅጠል አንሥቼ በጣቴ አሸሁት፤ ሽታው ያው ነው። ችግኝን ከውርጭ ለማዳን የሚረዱ ነገሮችን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ከጎረቤት ቅያሜ የሚያድነው ግን ያው ጎረቤት ብቻ መሆኑን የተማርኩት ከዚያ ወይራ ሥር ነው። አሁንም ዓይን አፋር ነኝ። በስብሰባ ዋዜማ አሁንም የምናገረውን ጽፌ ደጋግሜ አነባለሁ። እንዲህ ሲሆን ያን የዓርብ ጠዋት አስታውሳለሁ።

መስቀሉን በተሳለምኩ ማግስት፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ሳይቀልጥ ወደ መንገዱ ወጣሁና በመጀመሪያው መኪና ደባርቅ ደረስኩ። የዝውውር ማመልከቻዬ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ የቢሮው ሠራተኛ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። ሰው ከዚያ ለመውጣት አማላጅ ይልካል፣ አንቺን ምን ነካሽ አለኝ።

"ዋስ ሆኛለሁ" አልኩት።

"ለማን?"

ወለሉን አየሁ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ በረንዳው ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ፣ "ለአያ ደሴ ችግኞች" አልኩት።