መዥገሯና ባለቤቷ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አል ዓይን በምማርበት ኮሌጅ የላብራቶሪ ትምህርት ጀመርን። ለእያንዳንዳችን ግማሽ ቀይ ሽንኩርት ተሰጠንና ከንብርብሮቹ መሃል ያለችውን ስስ ሽፋን በወረንጦ ገፈን፣ መስታወት ላይ ዘርግተን፣ አዮዲን ጠብ አድርገንባት በማይክሮስኮፕ እንድናያት ታዘዝን። ሽንኩርቱና አዮዲኑ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ግራ ጆሮዬን አቃጠለኝ። ቀልዴን አይደለም። ቲቸር አዜብ ስትቆነጥጠው የነበረው ጆሮዬ እንደ ድሮው ጋለ። አጠገቤ የቆመችው ሶርያዊት ልጅ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ኮሮና ሲገባ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አቡዳቢ፣ ከመዲናት ዛይድ ገበያ ጀርባ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ቤተሰብ የታጨቀበት አሮጌ ቪላ ውስጥ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችን። ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ የሁሉም ነው። አባዬ ስዌይሃን ላሉት የግመል እርባታዎች መኖ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር፤ ሳምንቱን የኩባንያው ካምፕ እያደረ ሐሙስ ማታ የድርቆሽ ሽታውን ይዞ ይመጣል። እኔና እማዬ የምንኖረው በእሱ ኢቃማ፣ በእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ነበር። እሱ ሥራ ካለው እኛም መኖሪያ አለን፤ ከሌለው የለንም። ይህን ግን ያኔ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም።

አዜብ እኛ ቤት የገባችው በእማዬ ርኅራኄ ነው። አገር ቤት፣ ወልድያ፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ደግሞ አል ፈላሕ ሰፈር አንድ ቤት ልጆች ታሳድግ ነበር። ማዳሟ አንድ ቀን ስታስነጥስ ሰማቻትና ሻንጣዋን ከውጪው በር ላይ አስቀመጠችላት፤ በቃ፣ ኸላስ። እማዬ የምታውቃት ከቤተ ክርስቲያን ነው። ሜዳ ላይ ከምትወድቅ ብላ አመጣቻትና መስኮቱ ሥር በመጋረጃ ከለልንላት። አባዬ በስልክ ሲሰማ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ልትጠቀጥቂ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ እሺ አለ።

ደግ ነበረች ብዬ አልዋሽም። ክፉ ነበረች። ገና ሻንጣዋን ሳትከፍት "ቲቸር" እና "እርስዎ" እንድላት አዘዘችኝ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ "እርስዎ" ስል ግሱ ይጠፋብኛል። "እርስዎ ሻይ ትፈልጊያለሽ?" ስላት ሌላ ሰው ይስቅ ነበር፤ እሷ ጆሮዬን ያዘችው። አሁን "አለች፣ ሄደች" እያልኩ ስለሷ ስጽፍ ብታየኝ ምን እንደምታደርገኝ አውቃለሁ። ይሁን፣ ትንሽ ብድሬን ልመልስ። እጄን በበረኪና ውሃ ታሳጥበኝ ነበር፣ ቆዳው እስኪሰነጣጠቅ። ሳለቅስ፣ እንባ ጨውና ውሃ ነው፣ ምንም አይገድልም ትለኛለች። ጥያቄ ከሳትኩ "ባለ አንድ ሕዋስ" ነኝ። በጣም ከሳትኩ ቫይረስ ነኝ፤ ቫይረስ ያቺን አንዷንም ሕዋስ የለውምና።

ትምህርት በታብሌት ሆኖ ነበር። በእንግሊዝኛ የምማረውን ሁሉ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማና ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ብቅ ብላ በአማርኛ በቃሌ ታስወጣኛለች። እናትሽ ሰምታው የማይገባት ከሆነ አንቺም አልገባሽም ማለት ነው ትል ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን፣ ፍቺውን፣ ምሳሌውን። ሕዋስ፤ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራባት ትንሿ ክፍል፤ ምሳሌ፣ የሽንኩርት ሽፋን። ሻጋታ፤ እርጥበት ባለበት የሚበቅል ፈንገስ፤ ምሳሌ፣ የመታጠቢያ ቤታችን ጣሪያ። ረቂቅ ተሕዋስያን፤ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፤ ምሳሌ፣ የሊዲያ ጥፍር ውስጥ ያሉት። ሊዲያ እኔ ነኝ። ምሳሌዎቿን ሁሉ ከቤታችን ነበር የምትለቅመው፤ ግድግዳውም ስስ ስለሆነ ጎረቤቶቻችን ሲስቁ ይሰማኛል።

ማይክሮስኮፕ አልነበራትም። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚደግኗት፣ ተጣጥፋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ማጉያ ግን ነበረቻት፤ ከወርቅ ገበያው ነው ያገኘቻት። አንድ ቀን እማዬ ከምትከትፈው ሽንኩርት ላይ ሽፋኑን ገፈፈች፣ ለቁስል የምናስቀምጠውን አዮዲን ጠብ አደረገችበትና መስኮቱ ላይ ለጠፈችልኝ። ብርሃኑ ሲያልፍበት እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳት አየሁ። ሳላስበው "ዋው" አልኩ። ዋው ፍቺ አይደለም አለችኝ። ግን ማጉያዋን ወዲያው አልቀማችኝም፤ እስኪበቃኝ አሳየችኝ።

የጥገኛ ትምህርት ሲደርስ አንድ ቃል አስቸገራት። ጥገኛ ተጣብቆበት የሚኖረውን እንስሳ፣ በእንግሊዝኛው "ሆስት" የምንለውን፣ በአማርኛ ምን እንበለው? አስተናጋጅ የሚል መጽሐፍ ላይ አይታ ታውቃለች። በዚያ ቃል የተናደደችውን ያህል በማዳሟ እንኳን አልተናደደችም። አስተናጋጅ ምን ማለት ነው፣ ሻይ ቤት ነው እንዴ፣ ግመሉ መዥገሯን ምን ልታዘዝ ይላታል እያለች ተንጎራደደች፤ ያቺ ክፍል የምታንጎራድድ ሆና ነው። በመጨረሻ የራሷን ቃል አወጣች። ባለቤት። ቤቱ የእሱ ነው፣ ገብታ የምትጠባው ሌላ ናት። መዥገር ደግሞ ትንሽ ስለሆነች በሴት ነው የምትጠራው፤ "መዥገሩ" ያልኩ ቀን ጆሮዬ አበሳውን አየ።

ምሳሌውን የሰጠን አባዬ ነበር። በቪዲዮ ሲደውል ግመል እግር ሥር የተጣበቁ መዥገሮች አሳየንና፣ ግመሉ ሲሞት እኮ ገላው ሳይቀዘቅዝ ወርደው አጠገቡ ያለው ላይ ይወጣሉ አለን። ይስቅ ነበር። ፀሐይ ያከሰለው ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶት ትዝ ይለኛል። አዜብ እዚያው ዓረፍተ ነገር አደረገችው፣ እኔም አጠናሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ አባዬ አልመጣም። ካምፑ ሰው ታሞበት ተዘጋ አሉን፤ ከዚያ እሱ ለይቶ ማቆያ ገባ፤ ከዚያ ሆስፒታል። መጠየቅ ክልክል ነው። አንዲት ነርስ ትደውላለች፣ እኔ ለእማዬ እተረጉማለሁ። እማዬ ስልኩን ከላይዋ አላወርድ አለች፤ ሊጥ ስታቦካ እንኳን ደረቷ ውስጥ ትሸጉጠዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ አድርገነዋል አለችኝ። ተርጉሜ ሳልጨርስ እማዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አዜብ መጋረጃዋን ገልጣ ተነሺ፣ ወደ ግድግዳው አለችኝ። አሁን ሳስበው ልታዘናጋኝ ይሆናል እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ ጭካኔ ብቻ ነው እላለሁ። ተነሳሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ በቃሌ ወጣሁት።

"ጥገኛዋ ባለቤቷ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች። ባለቤቷ ሲሞት ገላው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ባለቤት ትፈልጋለች። ካላገኘች ትሞታለች።"

ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ድገሚው አለችኝ፣ ድምጿ ዝግ ብሎ። እኔ ጅሏ፣ ሳልሳሳት ስለወጣልኝ ደስ ብሎኝ ደገምኩላት።

"ማናት ጥገኛዋ?" አለች እማዬ፣ አዜብን እያየች።

"መዥገር ናት፣ አስካል፣ ስሚኝ፤ መዥገር ማለት እኮ..." አለቻት አዜብ፣ እማዬን በስሟ ጠርታ።

የባሰውን አመጣችው። እማዬ መዥገር የተባለችው እሷ ራሷ መሰላት። እኔ ሆስት ማለቷ ነው፣ ባዮሎጂ ነው እያልኩ በእንግሊዝኛ እንጫጫለሁ፤ ማን ይስማኝ።

"ባሌ ገና እየተነፈሰ ነው፣" አለች እማዬ። "አንቺ ልጄን ሌላ ባል ትፈልጋለች ብለሽ ታስጠኛለሽ። እዚህ ቤት ተጣብቆ የሚጠባው ማን ሆኖ ነው፣ አዜብ? ጥገኛዋስ አንቺ ነሽ። ውጪልኝ።"

 አዜብ ሻንጣዋን ጎትታ አወጣች። ያን ሰሞን ናጡር የምንለው የቪላው ዘበኛ የወጣ ተከራይ መልሶ እንዳያስገባ ታዞ ነበር፤ በሽታ ይዞ ይመጣል ተብሎ። እማዬ ይህን ታውቃለች። አዜብም ታውቃለች። የግንቦት ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ድመት እንኳን አይታይም።

መስኮቱ ጋ ሮጥኩ። በሩ ከኋላዋ ሲቆለፍ ቆም ብላ ሽቅብ አየችኝና ጭንብሏን ወደ አገጯ አወረደችው። ከአፏ የወጣ ቃል መልሳ ስትውጥ አይቻት አላውቅም ነበር።

"ሊዲያ፣" አለች። "ቃሉን ቀይሪው። አስተናጋጅ በይ።"

ከዚያ ሻንጣዋን እየጎተተች ሄደች። እማዬ መጋረጃውን አወረደችው። ከሥሩ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አዜብ ማጉያዋን ረስታታለች፤ ወይም ትታልኛለች፣ አላውቅም። ወስጄ ትራሴ ውስጥ ደበቅኋት።

አባዬ በዚያው ሳምንት ሞተ። በነጭ ልብስ እንደ ከረጢት የተጠቀለሉ ሰዎች ቀበሩት ተባልን፤ እኛ አላየንም። ለቅሶ የሚደርስ የለም፤ ጎረቤት በየበሩ ቆሞ በጭንብሉ ውስጥ አለቀሰልን። አዜብ ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ ደወለች። ስሟ ስልኩ ላይ ሲበራ እጄን ዘረጋሁ። እማዬ ስልኩን ራቅ አደረገችብኝና ጠርቶ ጠርቶ እስኪያበቃ አየችው። ሁለተኛ አልደወለችም። አንዳንዱ በተመላሾች አውሮፕላን አገር ገባች ይላል፣ አንዳንዱ እዚሁ ታማ ነበር ይላል። የሚያውቅ የለም።

ኢቃማችን በአባዬ ስም ነበርና የመቆያ ጊዜያችን ያልቅ ጀመር። እማዬ ያላንኳኳችው በር የለም። ለቤት ሠራተኝነት የሚቀጥራትና ኢቃማ የሚያወጣላት ካፊል አገኘች፤ ግን የቤት ሠራተኛ ልጅ ይዛ አትገባም። አገር እንግባ ብትል ያን ጊዜ ወደ ወላጆቿ የሚወስደው መንገድ ጦርነት ላይ ነበር። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አል ዓይን ውስጥ የሕንፃ ጥገና የሚሠራ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገናኟት። የአባዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ ጥቁሯን አወለቀች።

ወደ እሱ የወሰደን ታክሲ በስዌይሃን በኩል አለፈ። ከአጥሩ ወዲያ ግመሎች ቆመዋል። እማዬ ስታያቸው ቆየችና ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

"ያቺ መዥገር ምን ታደርጋለች ነበር ያልሽው?"

 አጥንተሽው የለ፣ በይ እንጂ አለችኝ። ሾፌሩ አማርኛ አያውቅም፣ ግን ቀስ ብዬ ነው የነገርኳት። ባለቤቷ ሲሞት፣ ገላው ሳይቀዘቅዝ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች።

"ኸላስ፣" አለች። "እዚያ ቤት ስንገባ እንዳትይው።"

አላልኩትም። የእንጀራ አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የኮሌጅ ምዝገባዬም የሆነው በእሱ ኢቃማ ነው። ግን ቤት ውስጥ በእግራችን ጣት ነው የምንሄደው፤ እማዬ እሱ ጉንፋን በያዘው ቁጥር እንቅልፍ ታጣለች።

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርቱን አይተን ስንጨርስ የሚቀጥለው ትምህርት ስለ ጥገኞች ነው ተባልን። ሶርያዊቷ ልጅ ሆስት በእናንተ ቋንቋ ምንድነው አለችኝ። ቲቸር ቀይሪው ብላኝ ነበር፤ እንደ ታዘዝኩት አስተናጋጅ ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ባለቤት" አልኳት።

ሌላ ትርጉም እንዳለው ጠየቀችኝ። ባል ማለትም ነው ስላት ከት ብላ ሳቀች። ማጉያዋን ኪሴ ውስጥ ነካ አድርጌ የሽንኩርቱን ቅሪት ልጥል ሄድኩ።