በተማሪዎቹ ፈንታ የረካሁት እኔ ነኝ

ለሰው የሚነበብ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ጀሪካን ባነሳሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ያበሽቀኛል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የምሠራው ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ በሴቶች ዶርም ጽዳት ነው። ዶርሙ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ከምድር ወደ ላይ አይወጣም። ለላይኞቹ መጸዳጃ ቤቶች በጀሪካን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹም ለራሳቸው እየቀዱ ይወጣሉ። ለስድስት በሚያድሩበት ክፍል አልጋ ሥር ሁሉ ጀሪካን ነው።

አንድ ቀን የዶርሙ ፕሮክተር ወይዘሮ አስካለ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዘው መጡ። ተማሪዎቹ በዶርሙ ኑሮ ምን ያህል እንደረኩ የሚጠይቅ ፎርም ነው። ማደሉን ረስተውት የማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ልጆቹ ደግሞ ፈተና ላይ ናቸው።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል? ‹በጣም ረክቻለሁ› የሚለው ላይ ራይት እያደረግሽ ሂጂ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ተማሪ አይደለሁም።»

«ተማሪ ነሽ ማን አለሽ? ስም አይጻፍበትም። ደግሞ ሁሉንም አንድ ዓይነት አታድርጊው፣ ያስነቃል። አንዳንዱን ‹ረክቻለሁ› በይው። እስክሪብቶም ቀያይሪ።»

የሰው ፊት ቀና ብዬ ማየት የምፈራ ነኝ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። የመጥረጊያ ክፍል ገብቼ፣ ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩና ሞላሁ። «የውሃ አቅርቦት» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ጠዋት ውሃ ያመላለስኩበት ትከሻዬ እየጠዘጠዘኝ «በጣም ረክቻለሁ» አልኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮሌጁ ሮቶና ፓምፕ ገዛ። የተተከለው ግን የወንዶቹ ዶርም ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ሴቶቹ በውሃው ረክተዋል» ተባለ።

ሦስተኛ ፎቅ የምታድረው ሜሮን ደረጃው ላይ አገኘችኝና ጮኸች።

«ዝናሽዬ፣ ማን ነው የረካው? አንድ የረካች ልጅ አሳዪኝና እግሯን ልጠብላት!»

«በየትኛው ውሃ?» አለቻት ጓደኛዋ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጀሪካኔን ይዤ አንገቴን ደፋሁ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን ፎርሙን ከየዶርሙ ሰብስቦ ሪፖርቱን የሠራው ሰውዬ ቢሮ ገባሁ።

«የሴቶቹን ፎርም እኔ ነኝ የሞላሁት» አልኩት።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

መነጽሩን አወለቀ። ከተማሪዎቹ አንዷም አልሞላችም ወይ አለኝ፤ አንዷም አልኩት። ማን አዘዘሽ ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ መልሶ ከተተው።

ሮቶው እስካሁን አልመጣልንም። መጀመሪያ የተናደድኩት በራሴ፣ በፍርሃቴ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ የፈራሁት ለዚህ ለዚህ ነው ወይ እያልኩ ነው የምናደደው። ያን ቀን ሰውዬው ከመቀመጫው ሳይነሳ እንዲህ ብሎ ነበር የሸኘኝ፦

«በይ እህቴ፣ ሪፖርቱ አልፏል፤ አሁን አይነካካም። ለከርሞ ግን አስተካክለሽ ትሞዪዋለሽ።»